ከሳሩ በፊት ኳሱን ምረጡ

ወንዱ ልጄ ከእግር ኳስ ሌላ አያውቅም። ታላቅ እህቱ የቅርጫት ኳስ ሰው ናት። እኔ ድሮ መረብ ኳስ እጫወት ስለነበር መረብ ባየሁ ቁጥር መዝለል ያምረኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሳር ማጨድ ሰልችቶታል። ጓሮው ላይ ሰው ሰራሽ ሳር እናንጥፍ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ አራታችንም ወዲያው ተስማማን። በየልባችን የያዝነው ሜዳ ግን ለየቅል ነበር።

ስለዚህ ሜዳ ለማሰራት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ፣ ከሳሩ በፊት ኳሱን ምረጥ እላለሁ። ብዙ ሰው ናሙና ያስመጣና በእጁ እየዳበሰ ልስላሴውን ነው የሚያየው። ትልልቅ የእግር ኳስ ሜዳዎች ላይ የሚነጠፈው ሳር ከ40 እስከ 60 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በመሃሉ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ይሞላል። እዚያ ላይ የቅርጫት ኳስ ብታነጥሩ ተመልሶ እጃችሁ ላይ አይደርስም። 15 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሳር፣ አሸዋ ተሞልቶበት፣ ይሻላል። እሱም ቢሆን ኮንክሪትን አያህልም።

ይህንን ለልጅቷ ስንነግራት አኮረፈች። ከጋራዡ ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ ቅርጫት ሲተከልላት ግን ኩርፊያው በአንድ ጊዜ ጠፋ። የእኛ ሜዳ ገና ጉድጓድ ሳለ እሷ ትጫወት ነበር። የእኔም መረብ ኳስ አልሆነም። ደንቡ የሚለው 18 በ9 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ መሯሯጫ ይፈልጋል። ባድሚንተን (ባለላባ ኳስ በራኬት በመረብ ላይ የሚመታበት ጨዋታ) 13.40 በ6.10 ሜትር ስለሆነ ገባልን። መረቡና ምሰሶው ሲነሱ ቦታው የልጁ ይሆናል።

ከዚያ ቁፋሮ ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም የሚሄደው እዚህ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ምኑም አይታይም። ከመቆፈር በፊት የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር በየት እንደሚያልፍ ማጣራት ግድ ነው። ቀጥሎ የላይኛው ለም አፈር ከነሥራሥሩ ይወጣል። እዚያው ከተተወ ሥሩ እየበሰበሰ አፈሩ ይሰምጣል፤ ሜዳውም አብሮ ይጎደጉዳል። የጉድጓዱ ወለል ላይ ጂኦቴክስታይል የሚሉት ጨርቅ ይነጠፋል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር እንዳይቀላቀል ግን ይለያል። ከላዩ የተፈጨ ድንጋይ ይመጣል። ክብ የወንዝ ጠጠር እርካሽ ነው ብሎ የሚያባብል አይጠፋም፤ እንዳትሰሙት። ክብ ድንጋይ ሲረገጥ ይንሸራተታል። የተፈጨው ግን ማዕዘን ስላለው እርስ በርሱ ይነካከሳል። በአንድ ጊዜ ተደፍቶም አይሆንም፤ ስስ ስስ እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ድርብ ኮምፓክተር በሚሉት መጠቅጠቂያ ማሽን ይጠቀጠቃል። የመጨረሻው ድርብ ደቃቅ ድንጋይ ነው።

ትልቁ ጉዳይ የውሃው መውረጃ ነው። ተዳፋቱ አንድ በመቶ ያህል ቢሆን ጨዋታውን አይረብሽም። በ13 ሜትር ርዝመት 13 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው፣ ዝቅ የሚለውም ከቤቱ ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ ነው። ሲባጎና ውሃ ልክ ይዤ ሠራተኞቹን ስከታተል "እህቴ፣ ይበቃል እኮ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ሳሩ ከመነጠፉ በፊት የውሃ ጎማ ከፍቼ ደቃቁ ላይ ለቀቅኩበት። አንድ ጥግ ላይ ኩሬ ሠራ። ያንን ጥግ ዳግመኛ ሞልተው ጠቀጠቁት። ሳሩ ከተጣበቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ ማን ይነካዋል?

የምሰሶው መሰረትም፣ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦም ከሳሩ በፊት መቀበር አለባቸው። መብራት ለማስገባት ገና ባንወስንም ቱቦውን ቀብረናል።

ማንጠፉ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የሁሉም ጥቅል ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አንዱ ከተገለበጠ ቀለሙ ሌላ ይመስላል። መጋጠሚያው ከሥር በሰፊ ጨርቅና በሙጫ ይያያዛል፣ ያውም በደረቅ ቀን። ከዚያ ደረቅ የሲሊካ አሸዋ በጥቂት በጥቂቱ ይበተንና በብሩሽ ይገባል። ሳሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም፣ ንጣፉን በክብደቱ የሚይዘውም አሸዋው ነው።

የጎማ ፍርፋሪውን እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በጫማና በካልሲ ቤት ይገባል፣ ፀሐይም ያግለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 በወሰነው መሰረት ለሜዳ መሙያ የሚሆን የፕላስቲክና የጎማ ፍርፋሪ ሽያጭ ከ2031 ጀምሮ ይከለከላል። አሸዋ ግን ጉልበት ይልጣል። ልጄ ተንሸራቶ ኳስ መቀማት ስለሚወድ አሁን ረጅም ካልሲ ሳያደርግ አይገባም።

ሙቀቱን ሻጮች ብዙ አያነሱትም። የተፈጥሮ ሳር ውሃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ይህንን አይችልም። በጠራራ ፀሐይ በባዶ እግር አይረገጥም። ውሃ ሲረጩበት ይበርዳል፣ ግን ወዲያው ይደርቃል፣ መልሶም ይግላል። እኩለ ቀን ላይ እኛ ሜዳ ማንም የለም።

ባለቤቴ ከማጨድ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። አሁን ቅጠል ይለቅማል፣ አሸዋው ወደ ዳር ሲሸሽ በጠንካራ ብሩሽ ይመልሳል፣ ጥላ ያለበት ጥግ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንዳይበቅል ይከታተላል። ከማጨድ ይሻላል ይላል፤ ልጆቹ ሲያግዙት ማለቴ ነው። ከጎሉ ጀርባ ደግሞ ከፍ ያለ መረብ አሰርተናል፣ ምክንያቱም የጎረቤታችን መስኮት በዚያ በኩል ነው። ቱቦው ውስጥ ሽቦ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ልጁ ማታም መጫወት ይፈልጋል፤ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ።