እጅ የማያወጡት ተማሪዎች

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እኔ የማስተምርበት ክፍል ገብታ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተከታተለች። አንዳችን የሌላችንን ክፍል እየገባን ለማየት ተስማምተን ነበር። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማሪዎቹን አቀማመጥ በወረቀት ላይ እንድትነድፍና አንድ ተማሪ በተናገረ ቁጥር በእርሱ ቦታ ላይ አንድ ጭረት እንድታሰምር። ደወሉ ሲደወል ጥሩ አስተምሬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ጥያቄ ጠይቄአለሁ፣ መልስ አግኝቻለሁ፣ ክፍሉም ሞቅ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ስመለከት ግን ከ46 ተማሪዎች መካከል ጭረት ያላቸው 9 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከፊት የሚቀመጡት 3 ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጭረት ወስደውታል። በመስኮቱ በኩል ያለው ረድፍ ከፊት እስከ ኋላ ባዶ ነበር።

«ተማሪዎቹ አይሳተፉም» እያልኩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለዓመታት ካማረርኩ በኋላ ያንን ወረቀት ማየት አሳፋሪ ነበር፤ ምክንያቱም ባዶው ረድፍ እኔ ዓይኔን የማልጥልበት ረድፍ መሆኑን ወዲያው ተረዳሁ። ጥያቄ ስጠይቅ ፊቴ ወደ ሦስቱ ይዞራል። መልሱ ከእነርሱ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እነርሱም ያውቃሉ፣ የቀሩት 43ቱም ጭምር ያውቃሉ። «ገባችሁ?» ስል «አዎ!» የሚለው የጋራ ድምፅ ደግሞ እኔን ከማረጋጋት በቀር ምንም የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። ያልገባውም ተማሪ ከሌሎቹ እኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዎ» ይላልና።

ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር ከተለዋወጥናቸው ዘዴዎች መካከል ወጪ የማይጠይቀውና ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ጠይቆ መጠበቅ ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን እያዳመጠች ስትለካ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አግኝታዋለች። መምህራኑ ጊዜውን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ የማይሰጡት ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ሰነፍ ተብለው የተመደቡትም መናገር ጀመሩ። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሁለተኛ ዝምታም አለ፤ ተማሪው ተናግሮ ሲጨርስ መምህሩ «ጎበዝ» ወይም «አይደለም» ከማለቱ በፊት የሚኖረው ጊዜ ነው። ተማሪው በዚያች ቅጽበት የራሱን መልስ ያርማል፣ ወይም ሌላው ተማሪ ይጨምርበታል። እኔ ግን ሁልጊዜ እቀድማቸው ነበር።

3 ሰከንድ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ሰሌዳ አጠገብ ለቆመ ሰው ግን ረጅም ነው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ፣ በልቤ እስከ አምስት መቁጠርን ልማድ ለማድረግ ብዙ ሳምንታት ወሰደብኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዷ ተማሪ ከልቧ ተጨንቃ «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» ብላኛለች።

መጠበቅ ብቻውን ግን አይበቃም። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምቶ ላደገ ልጅ ዝምታ ከሁሉ የተሻለ መሸሸጊያ ነው፤ ቢሳሳት ይሳቅበታል፣ ዝም ቢል ግን ማንም ምንም አይለውም። ስለዚህ በሁሉ ፊት ከመናገሩ በፊት የሚናገርበት ትንሽ ቦታ ያስፈልገዋል። ፍራንክ ላይመን የተባለው አሜሪካዊ የመምህራን አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ ይህንኑ ያደርጋል፤ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ያስባል፣ ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይነጋገራል፣ በመጨረሻም ለክፍሉ ያካፍላል።

ዘዴው የሚሠራው ጥያቄው የሚያከራክር ሲሆን ነው። አንድ ቀን «ከሦስት ሰባተኛና ከሦስት ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅሁና እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በደብተሩ ጫፍ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። በወንበሮቹ መካከል ስዞር ከግማሽ የማያንሱት ሦስት ስምንተኛ ብለው እንደጻፉ አየሁ። ትክክለኛውን ሳልነግራቸው «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ፣ ካልተስማማችሁ አስረዱት» አልኳቸው። በመስኮቱ በኩል ሁለት ልጆች ሲከራከሩ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አንደኛው «ስምንት ከሰባት ይበልጣል፣ አለቀ» ይላል። ሁለተኛው ከደብተሩ ላይ ሁለት እኩል ወረቀት ቀዶ ለማጠፍ ሞከረ፤ ሰባት ቦታ ማጠፍ አቃተውና በእስክሪብቶ ከፋፈለው፤ ከዚያም «ለስምንት ሲካፈል እኮ የአንዱ ድርሻ ያንሳል» አለው። የመጀመሪያው ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ መልሱን ሰረዘ። እኔ ያንን ነጥብ ቀደም ባለው ሳምንት በሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ አስረድቼ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስም ጠርቼ ብጠይቅ አይደነግጡም። ተማሪው የሚያቀርበው የሁለቱን ሐሳብ ስለሆነ «እኛ እንዲህ ብለናል» ይላል፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን ብቻውን አይሸከመውም። ጥያቄውን አስቀድሜ ስሙን የማስከትለውም ሆን ብዬ ነው። ስሙን ካስቀደምኩ የቀሩት 45ቱ በዚያችው ቅጽበት ማሰብ ያቆማሉ።

ስለ ቡድን ሥራ ብዙ የምለው የለኝም። አንዱ ጽፎ አምስቱ ስማቸውን የሚያሰፍሩበት የቡድን ሥራ ተሳትፎ ሊባል አይችልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የሞከረው አሠራር ይህን ችግር ያቃልላል፤ እያንዳንዱ የቡድኑ አባል ከትምህርቱ የተለየ ቁራጭ ይሰጠውና ሌሎቹ ያንን ቁራጭ ሊያገኙት የሚችሉት ከእርሱ ብቻ ይሆናል። ዝግጅቱ ጊዜ ስለሚፈጅ እኔ በወር አንድ ጊዜ ቢሳካልኝ ነው።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ መጽሐፉ አያልቅም» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ ቅሬታቸው እውነት ስላለበት አላጣጥለውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ገለጻ ብቻ የሚያዳምጡ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው ከሚሳተፉት 1.5 እጥፍ ነው። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ ተሳትፈው የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት ቢያመጡም፣ ብዙ እንደተማሩ የተሰማቸው ግን ቁጭ ብለው ጥሩ ገለጻ ያዳመጡት ናቸው። እኔም በዚያ የመጀመሪያ ቀን ጥሩ አስተምሬ የወጣሁ የመሰለኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የከሸፈ ሙከራም አለኝ። ለተናገረ ሁሉ ነጥብ መስጠት ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እጅ የሚያወጣው በረከተ፣ የሚባለው ነገር ግን ቀለለ፤ የጓደኛቸውን መልስ በሌላ ቃል ደግመው ነጥባቸውን ለመሰብሰብ የሚጠባበቁ ልጆችን ያፈራሁት እኔው ነበርኩ። ዓይን አፋሮቹም በዝምታቸው ላይ የነጥብ ቅጣት ተጨመረባቸው። ዘዴውን ወር ሳይሞላው ተውኩት።

በምትኩ ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ 3 ደቂቃ ሲቀረው ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ፤ ያልገባቸውን ወይም የከነከናቸውን አንድ ነገር ይጽፋሉ። በማግስቱ አንዱን መርጬ ትምህርቱን በእርሱ እጀምራለሁ። ብዙዎቹ ወረቀቶች «ሁሉም ገብቶኛል» ይላሉ፤ ያም የድሮው «አዎ!» በጽሑፍ መሆኑ ነው።

ባልደረባዬ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ስትቆጥር ጭረት ያላቸው ተማሪዎች 27 ደርሰው ነበር። በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠው አንዱ ልጅ ግን በሁለተኛውም ወረቀት ላይ ባዶ ነው። በዚያው ቀን ከሰበሰብኳቸው ቁራጮች መካከል ስም ባይኖረውም የእርሱ መሆኑን በእጅ ጽሑፉ የለየሁት አንድ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ማባዛት ማብዛት ከሆነ፣ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ለምን ያንሳል?» በማግስቱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ጥያቄውን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ክፍሉ እስከ ደወሉ ድረስ ሲከራከርበት ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር።