አምስቱን ሲላ ይዤ ስኖር ያስቸገረኝ ያልጠበቅኩት ነው

ቡድሂዝም ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እግር አጣጥፎ አይን ጨፍኖ መቀመጥ ነው፣ ሜዲቴሽን ምናምን። እኔ ግን ከሜዲቴሽኑ በላይ ውሎዬን የቀየረው ሲላው ነው። ሲላ ማለት የስነ ምግባር ቃል ኪዳኑ ነው፣ ለምእመን አምስት ናቸው፦ ህይወት ያለውን አለመግደል፣ ያልተሰጠንን አለመውሰድ፣ በወሲብ ሰው አለመበደል፣ አለመዋሸት፣ ልብ ከሚያስት መጠጥና አደንዛዥ ነገር መራቅ። በቴራቫዳ (አንዱ ትልቅ የቡድሂዝም ቅርንጫፍ ነው) ወንድ መነኩሴ 227 ደንብ ነው የሚጠብቀው፣ ከዛ አንፃር አምስት ምን አላት ያስብላል፣ እኔ ማንን ገድዬ ማንን ሰርቄ አውቃለሁ ትላላችሁ እኮ።

ሲላውን የምወስደው ጠዋት ነው፣ ስልክ ሳልነካ። አምስቱንም በፓሊ፣ በጥንቱ የቡድሂስት መጻህፍት ቋንቋ፣ እላቸዋለሁ ከዛ በራሴ ቋንቋ። ደስ የሚለኝ ነገር ማንም "አታድርጊ" እያለ አያዝም፣ የሚባለው "ከዚህ ለመታቀብ የልምምድ ደንቡን እወስዳለሁ" ነው፣ ወሳጇ እኔ ነኝ። ከተሰበረ እንደገና ይወሰዳል። አንዳንዱ ሰው ይቺን ይዞ "በቃ ነገ እወስደዋለሁ" እያለ ይጫወትባታል፣ እኔ እሱ አይገባኝም፣ እንደዛ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ግጥም እያነበብክ ነው ማለት ነው።

አንደኛው በአብዛኛው የነፍሳት ጉዳይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ትውፊቱ መግደል የሚለው አምስት ነገር ሲሟላ ነው፣ ህይወት ያለው ነገር መሆን አለበት፣ ህይወት እንዳለው ማወቅ አለብሽ፣ የመግደል ሃሳብ፣ ሙከራ፣ ከዛ መሞቱ። ስለዚህ ሳላየው የረገጥኩት ጉንዳን እንቅልፍ አይነሳኝም። ግን ማታ መታጠቢያ ቤት መብራት ሳበራ ግድግዳው ላይ ፀጥ ያለችው በረሮ ሌላ ነገር ናት፣ እጄ ወደ ጫማዬ ሲሄድ ሃሳቡ እዛው አለ። አሁን ብርጭቆና ጠንካራ ወረቀት በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መድፋት፣ ወረቀቱን በስር ማስገባት፣ ውጪ አውጥቶ መልቀቅ። አስቸጋሪው መያዙ ሳይሆን ወረቀቱ ሲገባ እግሯን እንዳይቆርጣት መጠንቀቁ ነው። ከሁሉ የበለጠ የሰራልኝ ግን ቀዳዳ መድፈንና ምግብ ሳልከድን አለማደር ነው፣ ካልመጡ እኔም ውሳኔ ውስጥ አልገባም። ስጋስ ለምትሉ፣ ይሄ ሲላ መብላትን በራሱ አይከለክልም፣ ብዙ የማሃያና (ሌላው ትልቅ ቅርንጫፍ) ትውፊቶች ግን ከስጋ ይርቃሉ፣ እዛ ላይ መነታረክ አልወድም።

ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ነው የመጣብኝ። ሳይከፈልበት ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር፣ የሰው ፓስወርድ፣ በስራ ሰአት የራስን ጉዳይ መጨረስ። መስረቅ ብትሉኝ አይሆንም ብዬ እከራከር ነበር፣ "ተሰጥቶሻል ወይ?" ስባል ግን መከራከሪያ የለኝም። ሶፍትዌሩን አጠፋሁትና በነፃ የሚሰጠውን ጫንኩ፣ አለቀ።

የአራተኛው ግን ጉድ ነው። ውሸታም ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ትልቅ ነገር አልዋሽማ። ከዛ መቁጠር ስጀምር፣ ስልክ ተደውሎ "የት ደረስሽ?" ስባል አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ሌላው ባዶውን ሆኖ "መንገድ ላይ ነኝ"፣ ካየሁት ቆይቶ "አሁን ገና ነው መልእክትህን ያየሁት"፣ ምንም ሳይስቀኝ ተደራርበው የሚላኩ የሳቅ ምልክቶች። ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ ሲያስተምር ለቀልድ ብሎ እንኳን አለመዋሸትን ተለማመድ ይለዋል፣ ስራም ሆነ ንግግር ሆነ ሃሳብ ከመጀመሩ በፊት፣ እየተደረገ እያለ፣ ካለቀ በኋላም ተመልከተው፣ ራስህን ወይ ሌላውን ይጎዳል ወይ እያልክ ይለዋል። እኔ ይቺን ነው ጨብጬ የያዝኩት። ጽፌ ከመላኬ በፊት አንዴ አነበዋለሁ፣ ማታ ደግሞ የላክኩትን ወደ ላይ እየሳብኩ አያለሁ። "አይቼው ነበር፣ ሳልመልስልህ ቆየሁ" ብዬ ስጽፍ እስከ አሁን የተቀየመኝ የለም፣ ይሄ ነገር ገርሞኛል፣ ያ ሁሉ ትንንሽ ውሸት ለማን ነበር የሚጠቅመው?

ስራ ቦታ ከበድ ይላል ምክንያቱም ውሸቱ የሌላ ሰው ነው። አለቃዬ እጃቸውን እያወዛወዙ "የለም በዪው" ሲሉኝ ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ደዋዩ እየጠበቀ ነው። የስልኩን አፍ በእጄ ሸፍኜ "አሁን አይመቻቸውም ልበለው?" አልኳቸው። "እንደፈለግሽ በዪው ብቻ ዝጊልኝ" አሉ። ደዋዩም እሺ ብሎ ዘጋ፣ በቃ ይሄው ነው። ሲላ ምናምን ብዬ ሌክቸር አልሰጠኋቸውም፣ ብሰጥ ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩንም አያስነኩኝም።

ሌላው እውነት ነው ተብሎ ሁሉ አይዘረገፍም። ጥሩ ንግግር ሲባል በጊዜው የሆነ፣ እውነት፣ ለስላሳ፣ የሚጠቅም፣ ከበጎ ልብ የመጣ ነው ይላል ትምህርቱ፣ አምስቱም አንድ ላይ። የስራ ባልደረባዬ ፕረዘንቴሽን ጨርሳ እጇ እየተንቀጠቀጠ "እንዴት ነበር?" ስትለኝ መግቢያው ተበላሽቷል ማለት እውነት ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም። "መሃሉ ላይ ያለው በጣም ግልፅ ነበር፣ ስለ መግቢያው ነገ ቁጭ ብለን እናውራ" አልኳት፣ በነጋታው አወራን። ሀሜት ላይ ደግሞ ዝም ማለት ብቻ አይበቃም፣ ዝም ብለሽ ከሰማሽ እያጫወትሽ ነው፣ እኔ ወይ ወሬ እቀይራለሁ ወይ ተነስቼ ውሃ እቀዳለሁ።

ሶስተኛው ላይ የምለው ብዙ የለኝም፣ ቃል የገባሁለት ሰው አለ፣ ያንን መጠበቅ ነው። አምስተኛው ግብዣ ላይ ነው የሚፈተነው፣ "አልጠጣም፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ማቆም ነው፣ ምክንያት መደርደር ከጀመርሽ ክርክር ትከፍቻለሽ። ሀኪም ያዘዘው መድሃኒት እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ስለሚጠይቁኝ ነው።

ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ላይ፣ ኡፖሳታ የሚባለው ቀን፣ ስራ ከፈቀደልኝ ስምንቱን እወስዳለሁ። ሶስተኛው ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ከወሲብ መታቀብ ይሆናል፣ ከዛ ከቀትር በኋላ አለመብላት፣ ከዘፈንና ከትርኢት ከሽቶና ከጌጥ መራቅ፣ ከፍ ባለና በተንደላቀቀ መኝታ አለመተኛት ይጨመራል። ሁሉም ስለ ረሀቡ ነው የሚጠይቀኝ፣ ረሀቡ ማታ ላይ ይመጣል ይሄዳል። የሚከብደው ቪዲዮ ነው፣ ራት የለም ፊልም የለም፣ ማታው አያልቅም፣ ያኔ ነው ቀኑን ሙሉ ከምን ስሸሽ እንደዋልኩ የሚታየኝ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ በቲቤት ትውፊት ምእመን አንዱን ብቻ ወይ የተወሰኑትን መርጦ መውሰድ ይችላል፣ ሁሉንም ባንዴ መሸከም ግዴታ አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ አራተኛውን ውሰዱ፣ ስልክ እስከያዛችሁ ድረስ ሳይፈትናችሁ የሚውልበት ቀን የለም።