የብርቄ እንገር ለምን ነጣ?

ብርቄ አምና የወለደችው የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሌሊት ነው። ቢሾፍቱ ግቢያችን ውስጥ አራት ዲቃላ ላሞች አሉን፤ የጡረታ ደመወዜን በደንብ የምትደጉመው ግን እሷ ነች። ሦስተኛ ወሊዷ ስለሆነ ብዙም አልፈራሁ። እንገሯን ማለብ ስጀምር ነው እጄ ቀጥ ያለው። እንገር ማለት እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጣት ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። የብርቄ ነጣ ብሎ ወረደ። ባለቤቴ ባትሪውን እንደያዘ "እንገር እንገር ነው፣ ምን ያፈዝሻል?" አለኝ።

ጥጃዋ ለመቆም ስትውተረተር ነጋ። የእንግዴ ልጁም አልወጣም። ጎረቤታችን እትዬ "ድንጋይ እሰሩበት፣ በክብደቱ ይወርዳል" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ እል ነበር። ደግነቱ አላሰርንም፤ በኋላ እንደተነገረኝ መጎተቱ ማሕፀኗን ሊያቆስለው ይችል ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙን ጠራሁ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬም "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ሙቀቷን ለካ፣ መርፌ ወጋት፣ ከዚያ "ድርቆሹን ያሳዩኝ" አለኝ። አንዱን እስር ፈታ፣ አሸተተ፣ በእጁ ጨበጠው። ጥቅምት ላይ ታጭዶ ከሱሉልታ የመጣ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ጭድ መስሏል፣ ሲጨብጡት ይደቃል። "አረንጓዴው ሲጠፋ ቫይታሚን ኤው የሚሠራበት ነገርም አብሮ ጠፍቷል፤ ኢውም እንደዚያው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ፉርሽካና ፋጉሎ ሳላጓድል ስለምሰጣት ኮርቼ ነበር። እነሱ ጉልበትና ፕሮቲን ናቸው፤ ከቫይታሚን ኤ አንፃር ባዶ ማለት ይቻላል። የላም ነገር የሚገርመው ቫይታሚን ቢዎቹን ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሠሩላታል፣ ሲን ጉበቷ ይሠራል፣ ዲን ፀሐይ ላይ ከዋለች ታገኛለች። ኤና ኢ ግን በአፏ መግባት አለባቸው። ክረምት እርጥብ ሣር ስትበላ ኤውን ጉበቷ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ በጋውን ከዚያ እየቀነሰች ትኖራለች። መውለጃዋ ሲደርስ የቀረውን ወደ እንገሩ ታዞራለች፤ ጥጃ ሆድ ውስጥ እያለ ከእናቱ የሚደርሰው ኤና ኢ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ላይ የመውለጃዋ ሰሞን ብዙም አትበላም። ብርቄ የምታዞረው አልነበራትም፤ እንገሯ የነጣውም ለዚህ ነው።

የእንግዴ ልጁ የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ሊሆን ይችላል" አለ፤ ቫይታሚን ኢና ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድን ሲያንሱ ይይዛል፤ ካልሲየም ሲያንስም፣ መንታ ሲሆንም፣ ምጥ ሲከብድም ይይዛል። እንደማይምል ሳውቅ ይበልጥ አመንኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን አስደነገጠኝ። "ከከብቶቹ ማታ ማታ የሚደናቀፍ አለ?"

አለች። ጊደራችን ሲመሻሽ የበረቱን መቃን ትገጫለች፣ የውሃ ባልዲውን ትደፋለች። ልጆቹ "ደንባራ" ብለው ይስቁባታል፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ለካ ዳፍንት ነው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሚመጣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ!

መድኃኒት የወሰደች ላም ወተት አይሸጥምና ስምንት ቀን ወተቷን ደፋሁ። ማሕፀኗ እስኪጠራም ዳግም ለመዳቀል ዘገየች።

ችግሩ የኛው ሒሳብ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ገዢ ይጠፋል። ስለዚህ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዳቃይ እንጠራለን፤ ላም 280 ቀን ገደማ ስለምትሸከም ጾሙ ሲፈታ ሰሞን ትወልዳለች። ለኪሳችን ልክ ነው፤ ላሚቱ ግን የምትወልደው ድርቆሹ ከዓመቱ ሁሉ በከፋበት ወር ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግረው "ታዲያ ጥቅምት ትውለድና ሁዳዴ ሲገባ ወተቱን ለማን ልሽጠው?" አለ። መልስ የለኝም፤ ሚያዝያው እንዳለ ቀረ።

የተቀየረው ከመውለዷ በፊት ያሉት ሁለት ወራት ናቸው። ድሮ ከነጠፈች በኋላ ወተት ስለማትሰጥ የተረፈውን ድርቆሽ ለሷ ነበር የምንጥለው፤ ያ ትልቁ ጥፋታችን ነው። አሁን በቧንቧው ጎን 6 በ8 ሜትር ላይ አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ ዘርቻለሁ፤ እየታጨደ መጀመሪያ የሚሰጠው ለነጠፈችዋ ነው። ቀን ቀን ጓሮ ፀሐይ ላይ ትታሰራለች። ስትነጥፍ ሐኪሙ ኤ፣ ዲና ኢ ያለበትን መርፌ ይወጋታል። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ራሳቸው ሊወጉ ይፈልጋሉ። ተዉ እላለሁ። ኤና ዲ ሲበዙ በሽንት የሚወጡ አይደሉም፤ ይከማቻሉ፣ ይመርዛሉ። ለነጠፈች ላም የሚመከረው ኤ በኪሎ ክብደቷ 110 ዩኒት (የቫይታሚን መለኪያ ነው) ያህል በቀን ነው፤ 500 ኪሎ ለምትመዝን 55,000። ቁጥሩ ትልቅ ስለሚመስል ሰው በደፈናው ይጨምራል።

በእንገሩ ነገር ከሰፈሩ ተቀያይሜያለሁ። ላም ስትወልድ እንገር መቅመስ የኛ ወግ ነው፤ ሕፃናቱ ኩባያ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አሁን ግን የመጀመሪያው ሦስት ሊትር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለጥጃው ነው። እምቢ ካለም በሃይላንድ ጠርሙስ አጠጣዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የተረፈውን ይውሰዱ።

ጊደሯ አልፋልፋ ከቀመሰች ወዲህ ባልዲ አልደፋችም። ልጆቹ ግን አሁንም "ደንባራ" ነው የሚሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።