ከላይ ያለው ማሳ

እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዘንድሮም ዘገየሁባችሁ። ኔትወርኩ ነው ልል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከአባቴ ጋር በስልክ ስለ እርከን ሳወራ አምሽቼ ነው።

የኛ ማሳ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ድንጋይ ለቅሞ፣ ካብ ደርድሮ፣ ሣር ተክሎ የሚያምር እርከን ሠራ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዘነበና ጠራርጎት ሄደ። ገብሱም አብሮ ሄደ። ካቡ ደካማ ሆኖ አይደለም። ከላይ ያለው ማሳ እርከን ስላልነበረው የሱም ጎርፍ የኛም ጎርፍ ተደራርቦ መጣብን።

በቀጣዩ በጋ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ሥራው ከዳገቱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ጠላው፣ ቆሎው፣ ሽለላው ነበር። ጭቅጭቁም ነበር። አንዱ «መሬቴን በላብኝ» ይላል፤ ሌላው «አይጥ ይራባበታል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ተሠራ።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተነሣ ቁጥር ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትለቀው አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ከዓለሙ አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ከላይ ያለው ማሳ የሌሎች ነው። አገሮች በ2008 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ፣ ከተቻለ የሙቀቱ ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ እንገታዋለን ብለው ተስማምተዋል። ድንጋይ መሸከሙ ላይ ግን ይለግማሉ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆርጥም። ጣና ዳር ያለችው ዘጌ ሞፈር አይገባም፤ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም እርሻን በግዝት ከልክለዋል ይባላል። ሰዉ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናውን ይለቅማል፣ ደኑም አለ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ገበሬው አንዱ ከአንዱ እያየ አሲዳማ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተከለበት፣ ከሰል ሸጦ ኑሮውን አቃና። በኋላ በሽታ ገብቶ ዛፉን አደረቀው። ያው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ማመን ጣጣ አለው። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት አልደግምላችሁም፣ ትምህርት ቤት ሰምታችሁታል።)

አባቴ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ጥር ላይ ና፣ የላይኛው ካብ ተንዷል» አለኝ። የኛ አይደለም እኮ፣ የጎረቤት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ እሄዳለሁ። ወገብ ያላችሁ ተከተሉኝ፣ ጠላው ከኛ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!