ለአንድ ቀን ስኪ የተቀመጥንበት ማታ

ዛሬ ከእራት በኋላ እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ለአንድ ቀን ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ለመውሰድ ወጪውን ልናሰላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ባለችው አሮራ ከተማ ስንኖር ስድስተኛ ዓመታችን ነው፤ ልጄ ግን በየጠዋቱ በመስኮት የምታያቸውን ተራሮች ረግጣቸው አታውቅም። 5ኛ ክፍል ናት። «እማዬ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስኪ ሄደዋል» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።

እዚያ የማደሪያው ዋጋ ሲደመር የወር ቤት ኪራያችንን ሊያክል ሆነ። ተውነው፤ ደርሰን እንመለሳለን። ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ጠዋት ተነስቶ ዊንተር ፓርክ ወደሚባለው የስኪ ቦታ የሚሄድ ባቡር አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተውን የሞፋት ዋሻ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራው ሆድ ውስጥ አልፎ ስኪው ደጃፍ ላይ ያወርዳል፤ ማታ ይመልሳል። በበረዶ መንገድ መኪና ከመንዳት ስንት ጊዜ ይሻላል!

የሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ማመላለሻ) ትኬት በዕለቱ እዚያው ከመግዛት ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት በጣም ይረክሳል። ለእሷ ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ በዕድሜዋ ላሉ ተማሪዎች በትንሽ ክፍያ ብዙ ተራሮች ላይ ስኪ የሚያስኬድ «ፓስፖርት» የሚባል የስኪ ማለፊያ አለ፤ ወላጆች፣ እባካችሁ ጠይቁ። የበረዶ ሱሪውን ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት አዋሰችን፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ጓንቱን ግን አዲስ ገዛሁ፤ በልጄ ጣቶች አልደራደርም። ጾም ስለሆነ ምሳችን በሶና ቆሎ ነው።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በስኪ መወዳደሩን ስነግራት ዓይኗ በራ። አሁን ጓንቱን እንዳጠለቀች ተኝታለች።