ሁለት ዓይን ያለው በሬ

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ ሰዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ የሥጋ ቤት ታፔላ ላይ በሬ ይስላል። ባለቤቱ ከታች ሆኖ ይነዘንዘዋል።

"በጎኑ ሳለው እንጂ! ምን ያፈጥብኛል?"

"ጋሼ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው። ይሄ ምን በደለ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ ፊታቸው በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ።

ሲወርድ ሻይ ጋበዝኩት። ድሮ ጣና ዳር፣ ጀልባ መነሻው ጋ፣ የደንገል ታንኳ በብራና ላይ እየሳለ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። ቱሪስቱ ጠፋ። ታፔላ ጀመረ፤ የባነር ማተሚያ መጣና ገበያውን ወሰደበት። ከዚያ የቤት ቀለም ቀቢ ሆነ። አሁን የተገኘውን ይሠራል፣ ቅዳሜ ልጆች ያስተምራል፣ ማታ ማታ ደግሞ "የራሴን" እስላለሁ አለኝ። "የራሴን" ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የተደበቀ ዕቁብ ያለው ነው የሚመስለው።

አልተሳካለትም ብዬ ላዝንለት ነበር። ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ብሩሹን መቼ አስቀመጠ?

ማታ በዚያው ሳልፍ ባለ ሥጋ ቤቱ ተሸንፏል። በሬው በሁለት ዓይኑ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ከሥሩ በቀይ ቀለም፦ "ጥሬ ሥጋ አለ"።