ወረንጦ ይዤ የጎማ ዛፍ ላይ

ኮታየም የገባሁት በየካቲት መጨረሻ ነው። ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ። እዚያ የሚማር ጓደኛዬ "ና የጎማ ዛፍ ሲዳቀል ላሳይህ" ሲለኝ ላቦራቶሪና ነጭ ጋዋን ነበር የጠበቅኩት። የጠበቀኝ የቀርከሃ መወጣጫ ነው።

ዛፎቹ አሮጌ ቅጠላቸውን አራግፈው አዲስ ለብሰዋል። አበባቸው ቢጫ፣ ጥቃቅን፣ ሽታው ደስ የሚል። የምታዳቅለውን ሴትዮ ሁሉም "ቼቺ" ይላታል፣ እንደኛ "እትዬ" ማለት ነው። እጇ ላይ ምን ይዛለች? ወረንጦ! ገጠር እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ።

ሴቴዋ አበባ ጫፍ ጫፉ ላይ ናት። ወንዴዎቹ ያንሳሉ፣ ግን ለአንዲት ሴቴ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ቼቺ ለመፍካት የደረሰች ሴቴ እምቡጥ ትመርጥና በወረንጦው ከፈት ታደርጋታለች፤ ከሌላ ዝርያ ወንዴ አበባ ብናኝ ያዘለችውን ትንሽ ዘንግ መዝዛ እዚያ ትከታለች፤ ከዚያ ቅንጣት ባዘቶ ጎማ በሚሠራበት በራሱ በዛፉ ወተት ነክራ አፏን ትደፍናለች፣ ነፍሳት የሌላ ብናኝ ይዘው እንዳይገቡ። ምልክት አስራ ወደ ቀጣዩ። እኔም ልሞክር ብዬ የመጀመሪያዋን ቀነጠስኳት። ሁለተኛዋንም። ቼቺ ስቃ ስቃ ሦስተኛዋን እጄን ይዛ አስጨረሰችኝ።

"ከመቶው ስንቱ ፍሬ ይቋጥራል?" አልኩት ጓደኛዬን።

"ብዙ ጊዜ አምስትም አይሞላ።"

ለዚህ ነው እንዴ ዛፍ ላይ የምትውለው? ለተፈጥሮ ቢተውም ያው ነው፣ ትንኞችና መሰሎቻቸው ያዳቅሉታል፣ አብዛኛው አበባ ግን ይረግፋል። ደግሞ እንዲህ የተገኘ ፍሬ እናቱ እንጂ አባቱ አይታወቅም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" እንዳለችው። አዳቃዮቹ ሁለቱንም ወላጅ ማወቅ ይፈልጋሉ። ፍሬው ከተገኘም በኋላ ችግኙ አድጎ፣ ልጡ ተበጥቶ፣ ወተቱ ለዓመታት መለካት አለበት። አርአርአይአይ 430 የተባለው የህንድ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዳቅሎ ለገበሬ የተለቀቀው በ2005 ነው። 23 ዓመት!

ነሐሴ ላይ ጓደኛዬ የድምፅ መልዕክት ላከልኝ። ጠሽ ጠሽ ይላል፤ የደረሰው ፍሬ ፀሐይ ሲመታው እየፈነዳ ዘሩን ሲወረውር ነው። በእጅ የተዳቀሉት ዘራቸው እንዳይበተን መረብ ለብሰዋል።

"የኔዋስ?" አልኩት።

"እሷማ ገና በሁለተኛው ሳምንት ረገፈች።"